አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል

አብራሪዋ ወደ ተራሮቹ ስትቃረብ፣ ከኋላዋ ቃሬዛ ላይ የተኛችው ወላድ ማቃሰቷን አቆመች። ጠዋት ነው የወለደችው፤ ሕፃኗ አያቷ ዘንድ ቀርታለች። ደም የሚሰጥ ሆስፒታል ያለው ከተራሮቹ ማዶ ብቻ ነው።

"እህቴ፣ ፈጠን በይ እባክሽ" አለ ባልየው፣ የራሰውን ፎጣ እየቀየረ።

ሸለቆው መሐል ላይ ይታጠፋል። ከመታጠፊያው ወዲያ ያለው ከውጭ አይታይም፤ ከገቡ በኋላ ደግሞ መዞሪያ ቦታ የለም። ትንሿ አውሮፕላን የምትበረው በዓይን እየታየ ስለሆነ በደንቡ ከደመና አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል መራቅ ግድ ነው፤ ቀርቦ ያለፈ ይቀጣል። ከሩብ ሰዓት በፊት በሌላ አውሮፕላን በዚያ ያለፈው፣ እሱም አብራሪ የሆነው ታላቅ ወንድሟ ነበር። በሬዲዮ ጠራችው።

"ጋሼ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ እንዴት ነው?"

"ክፍት ነው፤ ግቢ።"

"ደመናው ምን ያህል ይርቃል?"

"አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል።"

የፈራችው ይህንኑ መልስ ነው። በአብራሪዎች ዘንድ ሰማዩ ወለል ብሎለት ያለፈም፣ በደመና ውስጥ እየተደናበረ ያለፈም የሚናገረው ያንኑ ቁጥር ነው። ባለፈው ሳምንት እሷም ክንፏ እንኳ ሳይታያት ብላዋለች፣ ያውም እየሳቀች።

"እኔ ልሙት?"

"አንቺ ትሙቺ!"

እሱ እንደሆነ ካርታ ሲጫወትም በእሷ ይምላል። አውሮፕላኗን አዞረች።

"ወዴት ነው? ክፍት ነው አለሽ እኮ! በጆሮዬ ሰምቻለሁ!" ብሎ ጮኸ ባልየው።

ወደ ተነሱበት ሜዳ አቀናች።

ሲያርፉ ሜዳው ላይ የጠበቀቻቸው ነርስ የሴትዮዋን አንገት ዳሰሰችና አንሶላውን ፊቷ ላይ ሳበችው።

ወንድሟ ስልክ ደወለ። "ለምን አልገባሽም?"

"አላመንኩህም።"

"የዛሬው እውነት ነበር" አለ። "እንዲያውም ከዚያ በላይ ይርቅ ነበር።" ድምፁ ተቆራረጠ። አሁን አመነችው።

የበረራ ኃላፊው መጥቶ ትከሻዋን ያዛት። "ደግ አደረግሽ። ለሰውዬው ደመናው ሸለቆውን ዘግቶት ነበር በይው፤ ለእሱም ይቀለዋል፣ ለእኛም።"

ባልየው ከአውሮፕላኗ ጎማ አጠገብ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

"እህቴ፣ ደመናው ዘግቶት ነበር አይደል?" አላት፣ አዎ እንድትለው በዓይኑ እየለመናት።

"አልዘጋም ነበር" አለችው።