ቀኙ ከላይ

በልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ «ጃፓኗ» የሚል ስም የወጣላት ልጅ ጃፓንን በእግሯ ረግጣ አታውቅም። ያም ሆኖ አንድ ሰው ስለ ጃፓን አፉን ከከፈተ፣ ወሬውን ከአፉ ነጥቃ የምትጨርሰው እሷ ናት። ስልኳን በክር ማጠንጠኛ አስደግፋ እየሰፋች ታያለች። «ካርቱንሽን ዝጊ» ያላት ሰው አለቀለት። «አኒሜ ነው!» ብላ የግማሽ ቀን ትምህርት ትሰጠዋለች። እንደሷ አኒሜ የሚወዱ ጓደኞቿ በስልክ የሚያወሩበት ቡድን አላቸው፤ እዚያ ሲከራከሩ ለሰማ፣ ቶኪዮ ተወልደው ያረጁ ሰዎች ጉባኤ ይመስለዋል።

ፊልሞቹን ሰርቀው በነጻ የሚለቁት ሰዎች ግን ባለቤቶቹ እንዳይደርሱባቸው ምስሉን እንደ መስታወት ግራና ቀኙን ገልብጠው ነው የሚጭኑት። ይህን ጃፓኗም ጓደኞቿም አያውቁም። ሰይፍ የሚመዘዘው በግራ፣ የሚበላው በግራ፣ የሚጻፈው በግራ ሆኖ ሲያዩት ጊዜ፣ «ጃፓኖች አብዛኞቹ ግራኞች ናቸው» ብለው ደመደሙ። ማን ይከራከራቸዋል?

ሊከራከሯቸው የሚችሉ ባልና ሚስት ከስፌት ቤቱ ጀርባ ይኖሩ ነበር። ሽማግሌው የፋብሪካ ማሽን ሊተክሉ መጥተው፣ ሰውን ለምደው፣ ቋንቋውንም ተምረው ከሚስታቸው ጋር እዚሁ ያረጁ ጃፓናዊ ናቸው። ጃፓኗ በቀኝ እጃቸው ሲጽፉ ያየች ቀን፣ «እዚህ ብዙ ኖረው ተለውጠው ነው» አለች። የስፌት ቤቱ ባለቤት አክስቷ «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ብላ ሳቀችባት።

ሚስትየዋን ጃፓኗ እንደ እናቷ ነበር የምትወዳቸው። እናቷ ሞታ አክስቷ ዘንድ የመጣች ጊዜ፣ ከጉልበታቸው ሥር አስቀምጠው መርፌ አያያዝ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ስለ አገራቸው ግን ብዙም አልተጨዋወቱም። እሳቸው ካልተጠየቁ አይናገሩም፤ እሷ ደግሞ ሁሉን ታውቀዋለችና አትጠይቅም።

እኚህ ሴት ታመሙ። ሐኪም ቤት ሲመላለሱ ከርመው በመጨረሻ ሐኪሙ «ቤታቸው ይረፉ» አለ። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ጃፓኗ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ እጃቸውን ስታሽላቸው አንድ ቀን እንዲህ አሏት፦

«ከመሞቴ በፊት አንድ ጊዜ ያገሬን ልብስ፣ ኪሞኖ ብለብስ ደስ ይለኝ ነበር። የኔ ስንመጣ በመርከብ ጠፋ።»

«እኔ እሰፋልዎታለሁ እማማ!»

«አሰፋፉን ላሳይሽ?»

«ኧረ አውቀዋለሁ! ለኔ ይተዉት።»

ሰማያዊ ስስ ጥጥ ገዛች፤ ነጫጭ አበባ ያለበት። ፊልሙን እያቆመች፣ እያየች፣ አንገትጌውን እየሰፋችና እየተረተረች ከረመች። አክስቷ ዝም ብላ ማየት አልሆነላትም።

«አንቺ ልጅ፣ ሴትዮዋ ግድግዳ ተሻግረው አይደሉ እንዴ ያሉት? ሄደሽ አትጠይቂም?»

«ድንገት ላስደስታቸው ነው የምፈልገው አክስቴ።»

ውሸቷን አልነበረም። ያቺ ሴት አንዴ እንኳን አገራቸው የገቡ ያህል እንዲሰማቸው ከልቧ ትፈልግ ነበር። ታዲያ «ለካ ይሄን ሁሉ ታውቂያለሽ!» እንዲሏትም ትፈልግ ነበር።

ልብሱ ያለቀ ዕለት ሽማግሌው ሚስታቸውን ከጀርባቸው ደግፈው አስቀመጡላት። እሷ እጅጌውን አጠለቀችላቸው፤ የግራውን ወገን ወደ ውስጥ፣ የቀኙን ከላይ አድርጋ አጣጠፈችና በመቀነት አሰረችው። ከዚያ የስፌት ቤቱን መስታወት ፊታቸው ደቀነች። ሴትየዋ ራሳቸውን ብዙ አዩ። እጃቸው ወደ አንገትጌው ሄዶ እዚያው ቀረ። የሽማግሌው ፊት ልውጥ አለ፤ ልብሱን ሊይዙ እጃቸውን ሲሰዱ ሚስታቸው ያዝ አደረጓቸውና በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩ። ሽማግሌው እጃቸውን ሰብስበው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ምን አሉ እማማ?»

«ቆንጆ ነው አልኩት፣ ልጄ።»

ጃፓኗ ከደስታዋ ብዛት የምትሆነውን አጣች። ቀና ስትል ከግድግዳው ላይ የሠርጋቸውን ፎቶ አየች። ሁለቱም ኪሞኖ ለብሰዋል፤ የሚገርመው ግን የልብሱ ግራ ነው ከላይ የሆነው።

«ይሄን፣ ፎቶ ቤቱ ገልብጦ ነው ያጠበው!» አለች በእርግጠኝነት። «አንገትጌውን አያዩትም?»

ሴትየዋ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «ይሆናል ልጄ። የድሮ ፎቶ ቤት ነበር።»

እሷም ፎቶ አንስታቸው ለጓደኞቿ ላከች። «ባልየው እንባቸውን መያዝ አቃታቸው» ብላ ጻፈችበት፤ ይህስ እውነት ነበር። ሁሉም አደነቁላት፤ አንድም ስህተት ያየ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው የስፌት ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

«ነይ አልብሺልኝ» አሉ። ጃፓኗ ሚስታቸው እንዳረፉ ገባት።

እንባዋ እየወረደ አለበሰቻቸው። ግራውን ወደ ውስጥ፣ ቀኙን ከላይ። መቀነቱን ስታጠብቅ ሽማግሌው ከኋላዋ «ልክ ነው» አሉ። ቀጥለውም «ዛሬ ልክ ነው» አሉ።

ዞር አለች። «ዛሬ?»

ቃሉ አምልጧቸው ነበርና ሊተዉት ፈለጉ። እሷ ግን የት ታስመልጣቸዋለች። «አባባ፣ ዛሬ ማለት ምን ማለት ነው?»

ሽማግሌው በአገጫቸው የሠርጉን ፎቶ አመለከቷት። «በሕይወት ያለ ሰው ግራውን ነው ከላይ የሚያደርገው። ቀኙ ከላይ የሚሆነው ለሞተ ሰው ነው።»

እጇን ከመቀነቱ ላይ አነሳች። እኚያን የምትወዳቸውን ሴት ገና ነፍሳቸው ሳትወጣ በገዛ እጇ ገንዛቸው፣ ይባስ ብላ መስታወት አምጥታ አሳይታቸዋለች። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ሲባል ስትሰማ፣ አንድም ቀን ስለሷ የተባለ መስሏት አያውቅም ነበር።

«ታዲያ... ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ልቀይረው ስል እሷ ከለከለችኝ። ‹ልጅቷ ስንት ለፍታበታለች፣ ደስታዋን አትንጠቃት። ደግሞም አልተሳሳተችም፤ ትንሽ ቀደመች እንጂ› አለችኝ።»

ጃፓኗ አልጋው ሥር ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። አክስቷ ነጠላ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባችና ትከሻዋን ያዘቻት።

«ተነሺ እንግዲህ። አንቺ ታውቂ የለ፣ በነሱ ወግ ከዚህ በኋላ ምንድነው የሚደረገው?»

«አላውቅም» አለች ጃፓኗ።

ፊቷን ጠርጋ ወደ ሽማግሌው ቀና አለች። «አባባ፣ ይንገሩኝ። ምን እናድርግላቸው?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ሚስታቸውን ተመለከቱ።

«እኔም በደንብ አላውቀውም» አሉ። «እንዲህ ያለውን የምታውቀው እሷ ነበረች።»