ቦይለሩ ወደ ጋዝ የዞረበት ዓመት

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን ቦይለር ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ድንጋይ ከሰል ሲያበላ የኖረ አንድ ሰው ነበር። «አለቃ» ይሉታል፤ በሥሩ አካፋ የሚይዙ አምስት ሰዎች ነበሩት። ርካሽ ጋዝ በቧንቧ እስከ ከተማው ድረስ ሲመጣ ግን ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን አላሸም። ቦይለሩ በሁለት ሳምንት ተቀየረ። ለስድስት ሰው ሥራ አንዲት ቴክኒሻን በቃች፤ እሷም ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የምትሠራው። አለቃና ሰዎቹ «ለጊዜው» ተብለው ቤታቸው ገቡ።

ሥራ የፈታ ሰው የሚያማርረው ይፈልጋል። ጋዝ ደግሞ አይታይም፣ ቢሰድቡትም አይሰማም። የሚታዩት በዚያው ዓመት ማቅለሚያ ክፍል የተቀጠሩት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በሬዲዮ የምክር ቤቱ ሰዎች ስለነሱ ጧት ማታ ይነታረካሉ፤ አንዱ «ያለነሱ ፋብሪካ አይቆምም» ሲል ሌላው «እንግዳ ሲሰነብት ባለቤት ያስወጣል» ይላል። አለቃን ሁለተኛው ጣመው። ይባረሩ የሚል ወረቀት ይዞ ሰፈር ለሰፈር ማስፈረም ጀመረ።

ታናሽ እህቱ ያገባችው ግን ከዚያው ወገን ነው። ባሏ ቀደም ብሎ የመጣ ቀለም ነካሪ ነበር፤ እጁ እስከ ክርኑ ስለተነከረ «ሰማያዊው» ይሉታል። አለቃ ሳንባውን ታሞ የወደቀ ጊዜ አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰው እሱ ነው።

እህትየው ወረቀቱን አለቃ ቤት ጠረጴዛ ላይ አገኘችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እናንተን አይመለከትም።»

«ባሌ ከሰማይ የወረደ መሰለህ?»

«እሱማ የኛ ሰው ነው። አሁን የመጡትን ነው የምንለው።»

«ሕግ ያንተን አማች በምን ለይቶ ያውቀዋል?»

ሰማያዊው ወረቀቱን ተቀብሎ እስከ መጨረሻው አነበበው። «ፊርማዎ ያምራል፣ ጋሼ» አለና መልሶ አስቀመጠው።

ሕጉ ወጣ። ከገባ አሥር ዓመት ያልሞላው ሰው የሥራ ፈቃድ አይታደስለትም። ሰማያዊው ከመጣ ዘጠኝ ዓመት ከሰባት ወሩ ነበር።

አለቃ የኢሚግሬሽን ቢሮ ሄዶ ግማሽ ቀን ተሰለፈ። መስኮቱ ጋ ለተቀመጠችው ሴት ሰማያዊው የእህቱ ባል መሆኑን ነገራት።

«አባቴ፣ ሕጉ አማች ምናምን አይልም» አለችው።

«እኔ እኮ ነኝ ያስፈረምኩት።»

«ታዲያ የፈለጉትን አገኙ።» ክፋት አልነበረባትም። ቀጣዩን ጠራች።

እህቱ ትቀራለች ብሎ ነበር። አውቶቡስ መናኸሪያ ሲደርስ ግን ሁለቱም ሻንጣ ይዘዋል። ሰማያዊው ጨበጠው። እሷ አልሳመችውም፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሼ ሳትል በስሙ ጠራችው።

«እግዜር የሥራህን ይስጥህ» ብላው ተሳፈረች።

ሰኞ አምስቱን ሰዎቹን አስከትሎ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ።

«ቦታ ተለቋል ሲባል ሰማን።»

«ማቅለሚያ ክፍል ተለቋል። ቀለም መበጥበጥ የሚችል አላችሁ?»

ተያዩ። የሚችል አልነበረም።

«እኛ ለቦይለሩ ነው የመጣነው» አለ አለቃ።

«ቦይለሩ ምን ሆነ? ሰዎቹ ሄዱ እንጂ ጋዙ የትም አልሄደም።»

ሲወጡ ከአምስቱ አንዱ እንኳ አላነጋገረውም። ነካሪ የጠፋበት ማቅለሚያ ክፍል በሦስተኛው ወር ተዘጋ፤ ሸማኔዎቹም በፈረቃ ግማሽ ግማሽ ቀን ብቻ የሚሠሩ ሆኑ። የአለቃ ሚስት እዚያው ክር ትጠቀልል ነበር፤ እሷም ቤት ዋለች። ወደ እህቱ ስልክ ቢደውል ቢደውል የሚያነሳው ጠፋ።

የጋዝ መስመሩን የሚያራዝመው ድርጅት ቆፋሪ ሲፈልግ አለቃ ተመዘገበ። ቦዩ የሚያመራው ከተማው ዳር ወዳለው የጡብ ፋብሪካ ነው፤ እዚያ አሥራ አራት ሰዎች ገና በከሰል ይሠራሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ፊታቸው እንደጠቆረ ወጥተው አጥሩን ተደግፈው ያዩታል። አንድ ቀን በዕድሜ የገፋው ጠጋ አለና፣

«ወንድሜ፣ ምንድን ነው የምትቆፍሩት?» አለው።

«የውኃ መስመር ነው» አለ አለቃ። ቀና ብሎ አላየውም።

«ተመስገን፣ ውኃ አስቸግሮን ነበር» አለ ሰውየው፤ ኮዳውንም አቀበለው።

አለቃ ተቀብሎ ጠጣ።