አሥራ አምስት ሰከንድ

ሬዲዮዎቹን ፕሮግራም ያደረገው ማተቤ ራሱ ነው። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ እሱ የተናገረው ዘግይቶ ነውና።

ከገንዳ ውሃ ከተማ ወዲያ፣ በወይዘሮ ኩብራ የሰሊጥ እርሻ ላይ የስልክ ኔትወርክ የለም። ስለዚህ ስድስት የእጅ ሬዲዮ ተገዛ፤ ኮምፒዩተር ተምሮ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ የከረመው ማተቤም ባለሙያ ተብሎ ተቀጠረ። በላፕቶፑ ቻናሉን ሞላ፣ ፍሪኩዌንሲውን አስተካከለ። እዚያ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ዕውቀት ሲተርፍ ግን አያስቀምጥምና፣ ሰው የመናገሪያውን ቁልፍ ከአሥራ አምስት ሰከንድ በላይ ተጭኖ ከያዘ ሬዲዮው ጢጥ ብሎ ንግግሩን እንዲቆርጥ አደረገ። ባትሪ ይቆጥባል ብሎ ነው። ከዚያም ረሳው።

ሰሊጡ በደረሰ ሳምንት፣ ከሩቁ ማሳ ጥሪ መጣ። ደዋዩ አርባ አጫጆች አስከትለው ከጎጃም የወረዱት አለቃ፣ አያ እንግዳው ነበሩ።

«ሃሎ ማተቤ! እንደምን ዋልኽ? ደኅና ነኽ ወይ? ሙቀቱ እንዴት አረገኽ? ወይዘሮዋስ ደኅና ናቸው? ትራክተሩስ፣ ሹፌሩስ ደኅና? እና...»

ጢጥ።

«እና ምን? አልተሰማም አያ እንግዳው፣ ይድገሙት!»

ደገሙት። ሰላምታ ከመሃል አይጀመርምና «እንደምን ዋልኽ» ብለው ተነሡ። «እና» ላይ ሲደርሱ፣ ጢጥ። ደጋግመው ሞከሩ፤ ያው ጢጥ።

ማተቤን ከ«እና» በኋላ ያለው ነገር ጨነቀው። እና እባብ ነደፈን? እና ውሃ አለቀብን? ወይዘሮ ኩብራ አጠገቡ ቆመዋል።

«አንተ ልጅ፣ ሰሊጥ ሳይታጨድ አፉን ከከፈተ ፍሬው መሬት ነው የሚቀረው። ዛሬ ይሄን ካላስተካከልህ ወደ መጣህበት ትመለሳለህ» አሉት።

ባለሙያው ሥራ ጀመረ። አንቴና ፈታ፣ አሰረ። ባትሪ ቀየረ። ፀሐዩን ረገመ፣ ፋብሪካውን ረገመ፣ የአያ እንግዳውን አውራ ጣት ሳይቀር ጠረጠረ። በመጨረሻ ኬብሉን ሰክቶ ያንኑ ፋይል ከነአሥራ አምስት ሰከንዱ በጥንቃቄ መልሶ ጫነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው።

ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑን ታቅፎ በትራክተር ወደ ሩቁ ማሳ ሄደ። መንገድ ላይ ፋይሉን ሲያገላብጥ የራሱን አሥራ አምስት ሰከንድ አገኘው። ሲደርስ የሰሊጡ ግማሽ ገና ቆሟል፤ አጫጆቹ ግን ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ጓዛቸውን ተሸክመዋል። ማተቤ ከትራክተሩ ዘሎ ወረደ።

«ወዴት ናችሁ?»

«ወደ አብደራፊ፣ ሌላ እርሻ» አሉ አያ እንግዳው ፊታቸውን አዙረው። «ዘጠኝ ጊዜ ሰላም ብልኽ ዘጠኝ ጊዜ ዘጋኽብኝ። ደግሞ ‹ይድገሙት› ትለኛለኽ! ሰላምታዬን ለማያስጨርሰኝ ሰው ሥራ አልጨርስም።»

«መልእክቱስ? ከ‹እና› በኋላ ያለው?»

«የምን መልእክት? እናትኽ ደኅና ናት ወይ ልልኽ ነው እንጂ!»

ማተቤ መሬት ብትከፈት ይገባ ነበር። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው ሊል አፉን ከፈተ፤ አርባውን ማጭድ አየና ተወው።

«የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለ። «እንዲቆርጥ ያዘዝኩት እኔ። ከዚያ ያዘዝኩትን ረሳሁት።»

«ለመሆኑ ስንት ሰከንድ ሰጠኽን?»

«አሥራ አምስት።»

አጫጆቹ በሳቅ ፈነዱ። «በአሥራ አምስት ሰከንድ ሰላምታ!» አለ አንዱ። «የማን አገር ልጅ ነው?» አንደኛው ጓዙን አወረደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ማተቤ መሬት ላይ ተቀምጦ ቁጥሩን አጠፋው። ለሙከራ አንዱን ሬዲዮ ይዞ እስከ ማሳው ዳር ሄደ። አያ እንግዳው ቁልፉን ተጫኑ። ከ«እንደምን ዋልኽ» ጀምረው ሙቀቱን፣ ወይዘሮዋን፣ ትራክተሩን፣ ሹፌሩን ጠየቁ። አሁን የሚቆርጣቸው አልነበረም።

«...እናትኽስ ደኅና ናት ወይ?»

ማተቤ ቁልፉን ያዘ። «ደኅና ናት» ማለት ብቻ ነበር የቀረው። ግን አያውቅም። ከተቀጠረ ሦስት ወሩ ነው፤ ገንዳ ውሃ አራት ጊዜ ለባትሪና ለኬብል ወርዷል፤ እዚያ ኔትወርክ ሞልቷል።

«አላውቅም አያ እንግዳው» አለ። «አልደወልኩላትም።»



«እኔስ» አሉ ሽማግሌው፣ «በእኔ ብቻ የዘጋኽ መስሎኝ ነበር።»