መዶሻው ደረቱን ያስነካ ቀን

የሰፈሩ ሰው «መዶሻው» የሚለው የቧንቧ ሠራተኛ፣ ውሃ ፈሰሰ ከተባለ አይጠይቅ፣ አያይ፤ ግድግዳውን ማፍረስ ነው። ባለፈው ወር አንዲት ዶክተር ቤት ገብቶ ሁለት ግድግዳ ካወረደ በኋላ፣ ውሃው የሚያንጠባጥበው ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ካለች የላላች መገጣጠሚያ ሆኖ አረፈው። እሱ ምን ቸገረው! «የቆየ ቤት እንዲህ ነው» ብሎ መሣሪያውን ሰብስቦ ውልቅ አለ።

ታዲያ ዛሬ ጠዋት፣ ምንም ሳይመታው ግራ ጎኑን ቀስፎ ያዘው፤ ትንፋሽ አጠረው። ሚስቱ ደግፋ ሆስፒታል አደረሰችው። ራጅ ሲነሣ፣ ደረቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ሳንባውን እየተጫነው ነው ተባለ። ቀዶ ሐኪሟ ተጠርታ መጣች። እናንተዬ፣ ጉድ ፈላ! ያቺው ባለ ግድግዳ!

አንሶላውን እስከ አፍንጫው ሳበው።

«የት ጋ ነው የሚያምዎት?»

«እዚህ ጋ» አለ፣ ድምፁን እንደ ሕፃን አቅጥኖ። ሚስቱ ያበደ መስሏት አፈጠጠችበት።

ዶክተሯ አስረዳችው። ከብብቱ በታች ጣት የማያስገቡ ሦስት ቀዳዳዎች ትበሳለች፤ በአንዱ ቀጭን ካሜራ፣ በሌሎቹ መሣሪያ አስገብታ የሚደማውን ሥር ትዘጋለች፣ የተጠራቀመውን ደም ትመጥጣለች። «ካልሆነ ግን ሰፋ አድርጌ እከፍታለሁ። ደሙ አልቆመም፤ ቶሎ ይፈርሙ» ብላ ወረቀቱን ልታመጣ ወጣች።

«አልፈርምም!» አለ መዶሻው በሹክሹክታ። «ካወቀችኝ አለቀልኝ! የግድግዳዋን ቂም በደረቴ ነው የምትወጣው!»

«አላወቀችህም! አንተ ሰውዬ፣ ልጆቹን ለብቻዬ ላሳድግ ነው?» እንባዋ ቅርር አለ።

ዶክተሯ ወረቀቱን ይዛ ስትመለስ፣ አንሶላውን ከአፍንጫው ሳያወርድ ፈረመ።

ሲነቃ መጀመሪያ የዳበሰው ደረቱን ነው። ሦስት ትናንሽ ፕላስተር፣ ከጎኑ ወደ ጠርሙስ የወረደ ቱቦ፤ በቃ። ትንፋሹ ወለል ብሎለታል። በደስታ አለቀሰ።

ዶክተሯ ብቅ አለች። «አንዲት ቀጭን የደም ሥር ተበጥሳ ነበር፤ ዘግተናታል።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ፣ በዚያው በቀጭኑ ድምፅ።

«ይብቃዎት፣ ጉሮሮዎን ይጎዱታል። ገና ከበሩ ነው ያወቅሁዎት።»

ክው አለ። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ብናገር ይፈርሙ ነበር?»

ሳቁ አመለጠውና ጎኑን ወጋው። «አልፈርምም ነበር» አለ፣ በራሱ ወፍራም ድምፅ። «እሞት ነበራ!»

«ይሞቱ ነበር» አለችና ጠርሙሱን ለማየት ጎንበስ አለች።