የጤነኛው ስላይድ

ማኖንግ ሩፊኖ ተንኮል እየሸረቡባት ነው፤ ሊዛቤል ለዚህ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

በኢሎይሎ ከተማ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰው ዕድሜያቸውን የፈጁት እሳቸው ናቸው። የደም ሴሎችን ፎቶ እያነሳ በየዓይነታቸው ስክሪን ላይ የሚደረድረውን አዲስ መሣሪያ ለምና ያስመጣችው ደግሞ እሷ። ገና ለሙከራ ነው፤ በዓርቡ ስብሰባ የሆስፒታሉ ኃላፊዎች ካላመኑበት ተመልሶ ይሄዳል፣ የሷም ስም አብሮ ይወድቃል። ማኖንግ፣ ሁሉም እንደ ጋሼ እንዲህ ነው የሚጠራቸው፣ «የሰልፊ ማሽን» ይሉታል፤ ሰውም ይስቅላቸዋል።

በላቦራቶሪው ልማድ የበሽተኛ ደም ከመነካቱ በፊት የጤነኛ ሰው ደም ስላይድ በሚባለው ስስ መስታወት ላይ ተቀብቶ ይታያል፣ ቀለሙም መሣሪያውም ደህና መሆናቸው እንዲታወቅ። ጤነኛው ደግሞ ምንጊዜም ማኖንግ ናቸው። «እንደኔ ያለ ደም በደሴቱ የለም» እያሉ ክንዳቸውን ሲዘረጉ ስንት ዓመታቸው።

ሐሙስ ጠዋት በእሳቸው ስላይድ ላይ ትልልቅ፣ ያልበሰሉ ነጭ ሴሎች ወጡ። የደም ካንሰር ያለበት ሰው ላይ እንጂ ጤነኛ ላይ የማይታዩ ናቸው። ሊዛቤል ደሟ ፈላ። ከድሮ በሽተኞች ስላይድ አንዱን አስገብተው መሣሪያዬን ቀጣፊ ሊያስብሉት ነው! የድሮ ስላይዶቹን ቁምሳጥን በረበረች፤ የጎደለ የለም። መልሰውታል ማለት ነው። ክንዳቸው ላይ የበለዘ ምልክት አየች፤ ተደብቀው ሲመልሱት መሳቢያው የመታቸው መሰላት። ለቁርስ ያመጡላትን ፓንደሳል ዳቦ እንኳ ጉቦ ነው ብላ አልነካችውም። እሳቸውም አንዴ ጎርሰው ተዉት።

«ማኖንግ፣ የማንን ስላይድ ነው ያስገቡት?»

«የራሴን ነዋ! ኢንዳይ፣ ልጄ፣ ካሜራሽ ሰው መለየት ካቃተው ፀጉሬን ላበጥርለት?»

«እንግዲያው ክንድዎን ያምጡ። እዚሁ፣ እኔ ፊት።»

«ውይ፣ ፖሊስ ሆነሽ አረፍሽው!» እየሳቁ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ደሙን ራሷ ቀዳች፣ ራሷ ስላይድ ላይ ቀባች፣ ራሷ በቀለም ነከረች፤ ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። ንጹሕ ሴሎች ወጥተው ማኖንግ ሲያፍሩ ለማየት ቸኩላለች። ፎቶዎቹ አንድ በአንድ መጡ። ያው ትልልቆቹ ናቸው።

ማኖንግ መሳቃቸውን አቆሙ። ስላይዱን አውጥተው ወደ ማይክሮስኮፓቸው ሄዱና አጎነበሱ። ብዙ ቆዩ። ሊዛቤል «ተሳስቷል» እንዲሏት በልቧ ለመነች፤ መሣሪያው ቢመለስም፣ ስሟ ቢወድቅም አሁን ግድ አልነበራትም።

ቀና አሉ።

«ካሜራሽ ደህና ነው፣ ኢንዳይ። ነገ ስብሰባው ላይ ሩፊኖ መስክሯል በያቸው።»

ክንዳቸው ላይ የተጫነውን ጥጥ አየች። ርሷል፤ ደሙ እስካሁን አልቆመም። አዲስ ጥጥ አንስታ ክንዳቸውን አጥብቃ ያዘች።