ስም ብቻ የሚያነበው ፕሮግራም

ልጄ ከጠዋት ጀምሮ ከጠረጴዛው አልተነሳችም። የሦስት ወር የሙከራ ጊዜዋ ዛሬ ያበቃል። አለቃዋ የጻፈችውን የኮምፒውተር ፕሮግራም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስተካክላ ካልላከች እንደምትሰናበት ነግሯታል። እኔም ከምሠራበት የልብስ ማጠቢያ ቤት ፈቃድ ወስጄ ቀረሁ። ምን እንደምረዳት ግን አላውቅም።

«ትንሽ ነገር ቅመሺ እንጂ።»

«እማ፣ አሁን አታናግሪኝ።»

መቀመጥ አልቻልኩም፤ የጠረግሁትን መስኮት ደግሜ ጠረግሁ። እሷ ቁልፉን ትጫናለች፣ ቀይ ጽሑፍ ይወጣል፣ ፀጉሯን ትይዛለች። አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርኩ።

«ለመሆኑ ምኑ ነው እምቢ ያለሽ?»

«ብነግርሽ ይገባሻል?» አለችና ወዲያው ደነገጠች። ፊደል መቁጠር የጀመርኩት አምና ነው። ወንበር ሳበችልኝ።

«አሬይ የሚባል አለ። በተርታ የተደረደሩ ነገሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ የቦታ ቁጥር አለው። የእኔ ፕሮግራም የትኛውንም አሬይ ተቀብሎ ውስጡ ያለውን አንድ በአንድ ማውጣት አለበት። ምን እንደሚሰጡት አስቀድሞ አያውቅም፤ እየሠራ ራሱ መርምሮ ይደርስበታል። ሪፍሌክሽን ይሉታል።»

«እና አያወጣም?»

«ያወጣል እንጂ። ይኸው።» የሠራተኞች ስም ተራ በተራ ወረደ። «አለቃዬ የላከውን የሥራ ሰዓት ቁጥር ስሰጠው ግን ቀጥ ይላል። ከታች ያለውን ሁሉ አፍርሼ ሠራሁት። ምን ላድርገው፣ ልለምነው?»

«ከላይ ያለውንስ?»

«ከላይ ያለው ትክክል ነው።»

«አይተሽዋል?»

«እማ፣ ይሄን መስመር ከተማሪነቴ ጀምሮ በቃሌ ነው የምጽፈው።»

በቃሌ ስትል የራሴው ጉድ ትዝ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ፊደል በምቆጥርበት ክፍል ውስጥ አንድ ገጽ ሳልደናቀፍ አንብቤ አብረውኝ የሚማሩት አጨበጨቡልኝ። መምህራችን ግን ጣቷን ከገጹ መሃል አሳርፋ «ይሄን አንብቢልኝ» ስትለኝ ድዳ ሆንኩ። ለካ ፊደሉን ሳላየው በቃሌ ስወርደው ኖሬያለሁ። ይህን ለልጄ ነገርኳት፤ እያፈርኩም ቢሆን።

«አሁን የእኔና ያንቺ አንድ ነው?» አለች። ቢሆንም ወደ ጽሑፉ አናት ተመልሳ መስመሩን በጣቷ ተከተለችው። መሃሉ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ምን ይላል?»

«የተሰጠውን ሁሉ የዕቃዎች ተርታ አድርገህ ያዘው ይላል። በዚህ የፕሮግራም ቋንቋ ሁሉም ነገር ዕቃ፣ ኦብጀክት የሚሉት፣ ነው ብለው ነው ያስተማሩን። ስም ዕቃ ነው። ቁጥር ግን ዕቃ አይደለም። እኔ ደደብ፣ ምን እንደያዝክ ራስህ መርምር እለዋለሁ፣ ሳይመረምር ደግሞ ዕቃ ነው ብዬ መልሱን እነግረዋለሁ።»

መስመሩን አጠፋችው። በምትኩ መጀመሪያ የተርታውን ርዝመት፣ ከዚያ በየቦታው ያለውን በዚያው በሪፍሌክሽን እንዲጠይቅ አደረገች። ቁጥሮቹ ወረዱ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ ላከችው።

የአለቃዋ መልስ ሲመጣ ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው። «አንቺ አንብቢው። እኔ አልችልም።»

«ቁ... ቁጥሩ...»

«እማ፣ ፍጠኚ።»

«አታጣድፊኝ። ቁጥሩ መ... መጥቷል። በአሬይ ውስጥ... አሬይ ሲሰጠው ግን... ትርጉም የሌለው ነገር... ይጽፋል።»

«ወይ ዕድሌ! ተርታ ውስጥ ሌላ ተርታ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።» ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ጣለች።

«አላለቀም። የሙከራ ጊዜሽን... በአንድ... ሳምንት... አራዝሜዋለሁ።»

ቀና አለች። «አንድ ሳምንት» አለች፤ ስድብ ነበር የሚመስለው።

«ከመሰናበት ይሻላል።»

ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው መስመር ማንበብ ጀመረች።