ሃምሳ አለቃ የተባለችው ተማሪ

የክፍል ጓደኞቿ «ሃምሳ አለቃ» ይሏታል። ማዕረጉ የምር አልነበራትም፤ በሴቶች ማረሚያ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ስትሠራ ከተራ ጠባቂነት ፈቀቅ አላለችም። ግን እንጨት እንደዋጠ ሰው ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፤ ስትጠራም «አቤት!» የምትለው ጣሪያው እስኪነቃነቅ ነው። የሥነ ልቦና ምክር ሁለተኛ ዲግሪ ሊማሩ ከገቡት ሁሉ በዕድሜ ትልቋም እሷ ነበረች። ቅጽል ስሙ ሲወጣላት አብራ ስቃለች። ሁለተኛው ዓመት ላይ ግን ሳቁ አለቀ።

ሁለተኛው ዓመት የተግባር ልምምድ ነው። ተማሪዎቹ በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ችግር ያለበትን ሰው ይቀበላሉ፤ ተገልጋዩ ፈቅዶ ከፈረመ ንግግሩ ይቀዳል። ዓርብ ዓርብ አምስት አምስት እየሆኑ፣ ልምምዱን የምትመራው ዶክተር ባለችበት ቅጂውን ይሰማሉ። ይህች ዶክተር ሃምሳ አለቃን ገና ከመግቢያው ቃለ መጠይቅ ጀምሮ አልወደደቻትም፤ አለመውደዷንም አልደበቀችም።

«ይኼ ምንድነው?» አለቻት አንድ ዓርብ ቅጂውን መሐል ላይ አቁማ። «ሰውየው ስለ ልጁ ሊነግርሽ አፉን ሲከፍት ‹ከመቼ ጀምሮ? ስንት ጊዜ? ማን ነበር አብሮት?› ትይዋለሽ።»

«ጥያቄ ነው የጠየቅኩት፣ ዶክተር።»

«ቃል ነው የተቀበልሽው! መዝገብ ላይ አስፈርመሽው ቢሆን ይሻል ነበር።»

አራቱ ተማሪዎች ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ። አንደኛው፣ መነጽር የሚያደርገው፣ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ቤትም ብትገባ ያው ነው። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ፣ ቋሚ ሥራ ጥላ ትምህርት መግባቷ እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም። «አንቺ ደግሞ ማንን ልታጽናኚ ነው?» ትላታለች ልብስ እያጠፈች። «እናታችን የሞተች ቀን እንኳ ሰው ሲያለቅስ አንቺ ወንበር ስትቆጥሪ ነው የዋልሽው።» እውነቷን ነበር።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አዲስ ተገልጋይ ተመደበችላት። ቅጹ ላይ «ልብስ ሰፊ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት፤ ድንገተኛ ፍርሃት፣ የትንፋሽ ማጠር» ይላል። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ ክብ ጠረጴዛ፣ ሶፍት፣ ፀሐይ ያነጣው መጋረጃ። ልብስ ሰፊዋ ገባች፤ ቅጹን ሳታነብ ፈረመች። መቅጃው ተከፈተ።

«እንኳን ደህና መጡ። ዛሬ ወደዚህ ያመጣዎትን ነገር ቢነግሩኝ?»

ሴትዮዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ የሩቅ ድምፅ እንደሚለይ ሰው ጆሮዋን ሰጠች።

«እስቲ ‹ለቆጠራ ውጡ!› በይ» አለች ቀስ ብላ።

«ይቅርታ?»

«‹ለቆጠራ ውጡ!› በይ። ድምፅሽን ልስማው።»

ሃምሳ አለቃ አሁን ፊቷን ለየችው። ከስድስት ዓመት በፊት አራት ቁጥር ክፍል የነበረች እስረኛ ናት፤ ያኔ አጥንቷ የወጣ፣ ጸጉሯን የተላጨች። በሩን እየደበደበች «አየር አጣሁ፣ ልሞት ነው!» ስትል፣ ጠባቂዋ ሃምሳ አለቃ ብቅ ብላ «ትወናሽን አቁሚ» አለቻት። አላቆመችም። ጠባቂዋም አውጥታ ግቢው መሐል ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ አቆመቻት። ዓምና ስለ ድንገተኛ ፍርሃት ሲማሩ ይህች ሴት ትዝ ብላት ነበር። በዚያ ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ ወጥታለች።

«ያኔ ‹አንቺ› ነበርኩ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ዛሬ ‹እርስዎ› ያደረገኝ ምንድነው? ወንበሩ ነው?»

«አስታውሼዎታለሁ» አለች ሃምሳ አለቃ። «እኔ እርስዎን ማማከር አልችልም። ሌላ ሰው እንዲመደብልዎት አደርጋለሁ።»

«አየሽ፣ ዛሬም ልታስወጪኝ ነው።» ሴትዮዋ ተነሣች። «መቅጃው እየሠራ ነው? ደግ። እኔ እስከ ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጥ አልችልም። ልጄን ትምህርት ቤት የማደርሰው በእግሬ ነው፤ ዝናብም ቢሆን። ትወና ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ይኼን አስተማሪዎችሽ ይስሙት።»

ስትወጣ በሩን አልዘጋችውም፤ ወለል አድርጋ ትታው ሄደች።

ሃምሳ አለቃ መቅጃውን አንሥታ መዳፏ ላይ ያዘችው። አንድ ቁልፍ ብትጫን ይጠፋል። «ሳይቀዳ ቀረ» ብትል ማን ይጠይቃታል? መሣሪያው ከዚህ በፊትም ሁለት ሦስቴ እንዲህ አድርጎ ያውቃል። ሩብ ሰዓት ያህል እንደዚያው ቆየች። ከዚያ ደረጃውን ወጥታ የዶክተሯን ቢሮ አንኳኳች።

ዶክተሯ ቆማ ሰማችው።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ታዝዤ ነው አትይም?»

«ማንም አላዘዘኝም።»

«ቃለ መጠይቅ ካደረጉልሽ መምህራን መሐል መግባትሽን የተቃወምኩት እኔ ብቻ ነኝ። ይኼን እንድታውቂው እፈልጋለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ፤ ዓርብ ዓርብ።»

የዶክተሯ ከንፈር ፈገግ ሊል ብሎ ተመለሰ። «ውጪ» አለቻት።

ዓርብ ሲደርስ መቅጃው ጠረጴዛው መሐል ተቀምጦ ጠበቃቸው። ዶክተሯ «ዛሬ የሃምሳ አለቃን እንሰማለን» ብላ እጇን ሰደደች። በቅጽል ስሟ ስትጠራት የመጀመሪያዋ ነበር።

ሃምሳ አለቃ ብድግ አለች። «አይከፈትም።»

«ምን አልሽ?»

«ሴትዮዋ ‹አስተማሪዎችሽ ይስሙት› ነው ያለችው፤ እርስዎ ሰምተዋል። እነዚህ ተማሪዎች ናቸው። የፈረመችውም እርዳታ ልታገኝ እንጂ እኔ እንድቀጣበት አይደለም። እኔን ማዋረድ ከሆነ የተፈለገው፣ እሷ ሳትነካ እኔው እናገራለሁ።»

የዶክተሯ ጣት ቁልፉ ላይ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ተነሣ። «ተናገሪ» አለች።

ሃምሳ አለቃ እንደቆመች ተናገረች፤ እስረኛዋ ማን እንደሆነች ሳትገልጽ፣ በሩን፣ ጩኸቱን፣ ፀሐዩን። ስትጨርስ ባለ መነጽሩ ቀና አለ፤ አሁን አልሳቀም።

«ለምን አንድ ሰዓት?»

አሰበች። ስለ ሥራ ብዛት፣ ስለ ድካም፣ ስለ አለቆቿ ልትል የምትችለው ብዙ ነበር።

«ስለቻልኩ» አለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። ኮሚቴ ተሰበሰበና ልምምዷን ሰረዘው፤ ከፈለገች በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ ትጀምር ተባለ። ልብስ ሰፊዋ ልምድ ላላት አማካሪ ተሰጠች። ሃምሳ አለቃ የይቅርታ ደብዳቤ ጽፋ እንዲደርስላት ለዶክተሯ አቀረበች። ዶክተሯ አንብባ መለሰችላት። «ይኼ ማንን ነው የሚያሳርፈው? እሷን ወይስ አንቺን?» ሃምሳ አለቃ ደብዳቤውን ደጋግማ አነበበችው። ከአሥራ ሦስቱ ዓረፍተ ነገር አሥራ አንዱ «እኔ» ብሎ ይጀምራል። ቀደደችው።

ክረምቱ አልፎ ለምዝገባ ስትመጣ፣ ልብስ ሰፊዋ ከክሊኒኩ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ተገጣጠሙ። ሃምሳ አለቃ ግድግዳውን ተጠግታ መንገድ ለቀቀችላት።

«ገና እዚሁ ነሽ?»

«አለሁ።»

«ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ።»

«አይመስለኝም።»

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየቻትና መንገዷን ቀጠለች። ሃምሳ አለቃ ደረጃውን ወጥታ ወደ ቢሮው ገባች፤ የምዝገባ ቅጹን ዶክተሯ ፊት አስቀመጠች። ዶክተሯ ቀና ብላ ሳታያት፣ ወንበርም ሳትሰጣት፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንብባ ፈረመችላት።